የበሉትን ለማወራረድ ያልሆነ እንቅስቃሴ፦ ከአመጋገብ መዛባት እያገገሙ ላሉ የባሕር ዳር ነዋሪዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ቢሮ የሠራ ሰው ማወራረድ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለመስክ የወሰደውን ቅድመ ክፍያ ሲመለስ በደረሰኝ ይዘጋዋል። በአመጋገብ መዛባት የታመመ ሰውም ስፖርት የሚሠራው በዚሁ ደንብ ነው። የበላው እንጀራ ቅድመ ክፍያ፣ ሩጫው ደረሰኝ። «ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው» የሚለው የሁሉ ሰው ምክር ለእሱ የማይበጀውም ለዚህ ነው፤ ስፖርቱ ራሱ የሕመሙ አካል ሆኗልና።

ከዚህ በታች ያለው እንቅስቃሴን ከዚያ ሒሳብ የማውጫ ቅደም ተከተል ነው። ለአኖሬክሲያ (ውፍረትን ፈርቶ ምግብ መተው)፣ ለቡሊሚያ (ብዙ በልቶ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ማካካስ) ወይም ከልክ በላይ በልቶ የመጸጸት ችግር ሕክምና ለጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ላሰቡ አዋቂዎች ነው። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ፣ ነፍሰ ጡሮችና ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ሐኪም ደረጃዎቹን ሳያስተካክልላቸው አይጀምሩ።

ማወራረድ መሆኑን በምን ያውቃሉ?

የሠሩት መጠን ብቻውን ብዙ አይናገርም። በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ታማሚ፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚለማመድ የክለብ ሯጭ ደግሞ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ጥያቄ «ዛሬ ብተወው ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። መልሱ «ትንሽ ቅር ይለኛል» ከሆነ ደህና ነው። እራት ከቀነሱ፣ ነገ እጥፍ ለመሥራት ካቀዱ፣ እንቅልፍ ካጡ ወይም ቤት ውስጥ በሆነ ባልሆነው ከተቆጡ ማወራረድ ነው። እግሩ እያመመው፣ እያተኮሰው ወይም ለቅሶ ቤት እየተጠበቀ «መጀመሪያ ልሩጥ» የሚል ሰውም እዚያው ውስጥ ነው።

ሩጫና ጂም ብቻም አይደለም የሚቆጠረው። ባጃጅ እያለ ከፔዳ ግቢ እስከ ገበያ በእግር መሄድ፣ ቴሌቪዥን ቆሞ ማየት፣ የተወለወለ ወለል ደግሞ መወልወል፣ በአንድ ጄሪካን የሚያልቀውን ውኃ በጠርሙስ እየቀዱ አሥር ጊዜ መመላለስ፣ ሌሊት በሩን ዘግቶ የሆድ ስፖርት መሥራት፤ ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ ነው። ለሦስት ቀን በወረቀት ይያዙት። ደቂቃውን አይጻፉ፤ «ለምን አደረግኩት?» ለሚለው ብቻ አንድ መስመር ይበቃል።

እረፍት ማጣቱ የብርታት ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመ አንድ የአይጥ ሙከራ፣ በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ምግብ የሚቀርብላቸውና መሮጫ ጎማ የተሰጣቸው አይጦች ከቀን ወደ ቀን ሩጫ እየጨመሩ ሰውነታቸው እያለቀ ሄደ። በዚያው የምግብ ሰዓት ጎማ ያልተሰጣቸው ግን ራሳቸውን ማቆየት ቻሉ። ረሃብ ራሱ ያሯሩጣል ማለት ነው። «ቁጭ ማለት አልችልም፣ ተፈጥሮዬ ነው» የሚል ሰው ለጥቂት ወራት በደንብ ከበላ በኋላ ተፈጥሮው ይሁን ረሃቡ ይለይለታል።

አንደኛ፦ ልብና ደም ሳይታዩ ምንም አይጀመርም

የልብ ምትዎን ቤት ውስጥ ይለኩ። ሰዓቱ ጠዋት፣ ከአልጋ ሳይነሱ፣ ቡና ሳይጠጡ ነው። ጠቋሚና መሃል ጣትዎን በሌላው እጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር ባለው በኩል ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይለኩ፤ የራሱ ምት ያሳስታል። ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የሚዘለውን ምት ይደብቃል። ከዚያ ተነሥተው 2 ደቂቃ ከቆሙ በኋላ እንደገና ይቁጠሩና ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ።

ተኝተው ከ50 በታች ከሆነ እንቅስቃሴ የለም፣ ሐኪምዎም ይወቅ። ከ40 በታች ከሆነ፣ ሲቆሙ ከ30 በላይ ከጨመረ፣ ወይም ሲነሱ ዓይንዎ ከጨለመ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

እዚህ ላይ በሩጫ አገር የተለመደ ስሕተት አለ። «ምቴ ዝቅ ያለው የሯጭ ልብ ስላለኝ ነው» ይባላል። የሠለጠነ ሯጭ ልቡ በእርግጥ በዝግታ ይመታል፤ ከወንበር ተነሥቶ ክፍሉን ሲያቋርጥም የሚጨምረው ጥቂት ነው። በምግብ እጦት የዘገየ ልብ ግን በዚያችው ትንሽ እንቅስቃሴ ሽቅብ ይዘላል። ልዩነቱ ሳይታይ «ልቤ ጠንካራ ነው» ብሎ መሮጥ ልብ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።

በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ የአካል ምርመራውንም እዚያው ማስጀመር ይቻላል። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ተኝተውና ቆመው የተለካ የደም ግፊት፣ በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት ፖታሲየም፣ ማግኒዥየምና ፎስፌት፣ የደም ስኳር፣ ሄሞግሎቢን። ፎስፌት በሁሉም ላቦራቶሪ ላይሠራ ስለሚችል ደም ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሐኪሙ ክሳት ሲያይ መጀመሪያ ቲቢ፣ የታይሮይድ ችግር ወይም ጨጓራ ቢጠረጥር ተገቢ ነው፤ ይመርመሩ። እርስዎ ግን «ጨጓራዬ ነው» ብለው አይሸፋፍኑ። ብዙ ወራት የሚባክኑት በዚያች ቃል ነው። መናገር ከከበደዎት በወረቀት ጽፈው እንዲህ ብለው ያንብቡ፦ «ምግብ የምተወው አሞኝ አይደለም፣ እንዳልወፍር ብዬ ነው። ስበላ በሩጫ አካክሳለሁ፤ አንዳንዴም አስመልሳለሁ።» ማስመለስ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም ሽንት የሚያበዛ ክኒን ካለ ሳይደብቁ ይናገሩ። ፖታሲየም የሚያወርዱት እነሱ ናቸው፤ ፖታሲየም በወረደበት ቀን የሚሮጥ ሰው ልቡ ምቱን ሊስት ይችላል።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ያለዎት ደረጃ ዜሮ ነው፤ መራመድ የሚፈቀደው ለመንቀሳቀስ ግድ የሆነውን ያህል ብቻ ነው።

- ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የልብ መዝለል
- በዚያው ቀን ማስመለስ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድ
- ክብደት እየቀነሰ መሄድ (የሚለካው ሐኪሙ ነው፣ እርስዎ አይደሉም)
- በእግር መዳፍ ወይም በቅልጥም ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ሲረግጡ የሚብስ ሕመም፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል
- መብላት በጀመሩበት ሁለት ሳምንት ውስጥ የእግር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአእምሮ መምታታት። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ምግብ ሲያገኝ የደም ፎስፌት ሊወርድ ይችላል፤ ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው
- ራስን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ፤ ይህም ለዛሬ እንጂ ለቀጠሮ አይቆይም

የወር አበባ 3 ወር በተከታታይ ከቀረ አጥንት እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሩጫና ዝላይ አይፈቀዱም። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች በየወሩ የሚያዩት ደም የክኒኑ ስለሆነ «መጥቷል» ተብሎ አይቆጠርም።

ሁለተኛ፦ ምግቡ በሰዓቱ

ሦስት ምግብና ሦስት መክሰስ፤ በነቁበት ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት የበለጠ ክፍተት የለም። ለምሳሌ ቁርስ ጠዋት 1 ሰዓት፣ መክሰስ 4 ሰዓት፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል፣ መክሰስ 10 ሰዓት፣ እራት ማታ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከመኝታ በፊት 3 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ነገር። የረሃብ ስሜት እስኪመጣ አይጠብቁ፤ በዚህ ሕመም ውስጥ የረሃብና የጥጋብ ምልክት ለወራት የተበላሸ ሰዓት ነው።

ሳህኑ ላይ ምን ይኑር? ቤተሰብ የሚበላውን፣ ቤተሰብ በሚበላው መጠን። ሽሮው ዘይት ይኑረው። «ያለ ዘይት ሥሩልኝ» የሚለው ሕመሙ ነው። ጎመንና ሰላጣ ሆድ ይሞላሉ እንጂ አቅም አይሰጡም፣ ስለዚህ ከእንጀራና ከምስር ወይም ከጣና ዓሣ ጥብስ ጎን ይቀመጡ እንጂ አይተኩት። መክሰስ ሲባል አንድ ሙዝ ማለት አይደለም። አንድ ሙሉ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ በሶ በማር፣ የአቮካዶ ጁስ ከዳቦ ጋር፣ ወይም እርጎና ሁለት እፍኝ ቆሎ፤ መጠኑ ይህን ያህል ነው።

ምግብና እንቅስቃሴ የሚተሳሰሩበት ደንብ በአንድ በኩል ብቻ ይሠራል። መክሰስ ከቀረ የዕለቱ እንቅስቃሴ ይቀራል። እንቅስቃሴ ቢቀር ግን ከምግብ ምንም አይቀነስም፤ እራቱ ያው ነው፣ ዳቦውም ያው ነው። ሁለተኛውን ግማሽ የዘነጋ ሰው ማወራረዱን በጓሮ በር አስገብቷል።

ሦስተኛ፦ መቀመጥን መለማመድ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከሁሉም የሚከብደው ግን እሱ ነው። ልምምዱ ደግሞ እኛ ቤት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ቡና ነው። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሥራው ስኒ ከማቅረብ፣ ረከቦት ከማጠብ፣ ውኃ ከመቅዳት ተከልክሎ ዱካ ላይ እስከ በረካ መቀመጥ ነው። ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ።

በመጀመሪያው ቀን አቦል ሳይወርድ እግር መርገብገብ ይጀምራል፤ «ከሰሉን ልጨምር» ብሎ መነሣትም ይመጣል። ያኔ ሁለቱን ተረከዝ መሬት ላይ አጣብቆ ጫን ማድረግና ጭሱን፣ የሚቆላውን፣ የሰውን ወሬ መከተል ነው። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ለቶና ውኃ ሲጨመር ጫፍ ላይ የነበረው በበረካ ጊዜ ቀዝቅዞ ያገኙታል። ካልቀዘቀዘም አልተሸነፉም፤ በሳምንት አራት ጊዜ ሲደጋገም ነው የሚሠራው። ቡና የምግብ ፍላጎትን ስለሚያዳክም ቁርሱ፣ ማለትም ቆሎው ወይም ዳቦው፣ የግድ አብሮ ይበላ። በባዶ ሆድ ሦስት ስኒ መጠጣት ሌላው የሕመሙ ዘዴ ነው።

ሁለት ሳምንት እስከ በረካ መቀመጥ ከቻሉና ሐኪሙ ከፈቀደ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

አራተኛ፦ ማፍታታት፣ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ቀን

መስታወት የሌለበት ክፍል፣ በሩ የተከፈተ፣ ሰው ባለበት ሰዓት። ትከሻን ወደ ኋላ ማዞር 10 ጊዜ፤ ግድግዳ ተደግፎ ባትን መሳብ ለእያንዳንዱ እግር 30 ሰከንድ፣ ሁለት ጊዜ፤ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን ቀስ እያሉ ማጉበጥና ማለስለስ 8 ጊዜ፤ ከዚያ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ ግንባርን መሬት ማስነካት፣ አንድ ደቂቃ። ቀሪው በጀርባ ተኝቶ መተንፈስ ነው። ላብ ካመጣ ተበላሽቷል። ከምግብ በኋላ ወዲያው «ትንሽ ላፍታታ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ሰዓቱን ይቀይሩ።

አምስተኛ፦ የጣና ዳር እርምጃ

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለመራመድ የምትመች ከተማ ናት፤ ለዚህ ሕመም ግን ሜዳነቷ ወጥመድ ነው። ዳገት የሚያቆመው እግር እዚህ የሚያቆመው የለም፣ የዘንባባው ጥላም አያሰለችም፤ ሃያ ደቂቃ የተባለው ሳይታወቅ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ መመለሻውን ይወስኑ፣ መመለሻው ደግሞ ቁጥር ሳይሆን ቦታ ይሁን፦ አንድ ዛፍ፣ አንድ ጁስ ቤት፣ የጀልባ መነሻው። በስልክዎ ላይ ያለውን እርምጃ ቆጣሪ ያጥፉት፣ የእጅ ሰዓቱንም ቤት ይተዉት። ቁጥር ካለ ቁጥሩን መጨመር ይመጣል።

አካሄዱ፦

1. 10 ሰዓት ላይ መክሰስ ይብሉ፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይውጡ። ማለዳ በባዶ ሆድ የሚደረግ እርምጃ በዚህ መመሪያ ውስጥ የለም፣ አየሩ ቢጥምም። በበጋ፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የቀትሩን ሙቀት ይሽሹ።

2. ከሰው ጋር ይሂዱ። እህት፣ ጓደኛ፣ የአክስት ልጅ፤ ብቻ ቀስ ብሎ የሚሄድ። ወሬ እየተጨዋወቱ ትንፋሽ ካጠረ ፍጥነቱ በዝቷል።

3. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 2 ቀን። ቀጣዮቹ ሁለት 20 ደቂቃ፣ 2 ቀን። ከዚያ 20 ደቂቃ፣ 3 ቀን። በመጨረሻ 30 ደቂቃ፣ 3 ቀን። ቀኑንም ደቂቃውንም በአንድ ጊዜ አይጨምሩ።

4. መንገድ ላይ ቢያንስ አንዴ ይቀመጡ፣ 5 ደቂቃ። ደንገል ታንኳው ሲያልፍ ቀዛፊው መቅዘፊያውን በየትኛው ጎን ስንት ጊዜ ነክሮ ወደ ሌላው እንደሚያዞር ይመልከቱ። ዓይን ወደ ውጭ ሲያይ «ሆዴ ምን መሰለ?» የሚለው ሐሳብ ቦታ ያጣል።

5. እርምጃው የሚያልቀው ምግብ ባለበት ይሁን። እራት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቅ ከሆነ አንድ ስፕሪስ ወይም ዳቦ በሻይ ይጨመራል። ይህ ከእራቱ አይቀነስም።

መንገድ በተዘጋበት፣ ባጃጅ ባቆመበት ወይም የሐምሌ ዝናብ በጀመረበት ቀን እርምጃው ይቀራል። ወደ ነገ አይዞርም፣ በቤት ውስጥ ዙረትም አይካካስም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ቀን ባይመጣ ራስዎ ይፍጠሩት፦ በየሦስተኛው ሳምንት አንዱን እርምጃ ሆን ብለው ይሰርዙና ምን እንደሚሰማዎት ይመዝግቡ።

መዋኘት ለሚያስቡ፦ ጣና ውስጥ አይደለም። ብልሃርዝያ አለ፣ ዓባይ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬም አለ። የሆቴል ገንዳ ይቻላል፤ ግን የዋና ልብስና መስታወት ያለበት ቦታ ለብዙዎች ከውኃው በላይ ስለሚከብድ ወደ ሰባተኛው ደረጃ ያስተላልፉት።

ስድስተኛ፦ ጉልበትና ብስክሌት

ሰውነት ሲያገግም ከሚመለሰው ውስጥ ጡንቻ የሚሆነው ክፍል ሥራ ይፈልጋል፣ ለአጥንትም ይበጃል። በሳምንት 2 ቀን፣ በመካከላቸው ቢያንስ 48 ሰዓት፣ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ 8 ጊዜ፤ ግድግዳ መግፋት 8 ጊዜ፤ ባለ 2 ሊትር የውኃ ጠርሙስ በእያንዳንዱ እጅ ይዞ ወደ ወገብ መሳብ 8 ጊዜ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያርፉና አንድ ጊዜ ይድገሙ። ሦስተኛ ዙር የለም። «ገና ብዙ ይቀረኛል» የሚል ስሜት እያለ ማቆም የልምምዱ ዋና ክፍል ነው።

ብስክሌት የዚህ ከተማ የድሮ ወዳጅ ነው፤ ለጉዳይ ይንዱት፦ ገበያ ለመሄድ፣ ሰው ለመጠየቅ። ለመንዳት ብቻ መንዳት ሲጀመር ርቀት መቁጠር ይከተላል። ቤዛዊት ኮረብታ ገና ነው።

ሰባተኛ፦ ጂምና ሩጫ፣ ለሚፈልግ ብቻ

ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው በአምስተኛው ደረጃ ሙሉ ሕይወት ይኖራል። የሚፈልግ ግን ሦስት ወር ያልተቋረጠ አመጋገብ፣ የተረጋጋ የልብ ምት፣ የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ከሆኑ የተመለሰ ዑደት፣ የሐኪምም ፈቃድ ይዞ ይጀምር።

ጂም ሲመርጡ የወር ሳይሆን የቀን ክፍያ ይክፈሉ፣ በጠቅላላው ቢወደድም። የወር የከፈለ ሰው «ገንዘቤ ሊቃጠል ነው» ብሎ በዕረፍት ቀኑ ይሄዳል። አሠልጣኙን አስቀድመው ይንገሩት፦ «ወንድሜ፣ ሐኪም የሰጠኝ ገደብ አለ። አትመዝነኝ፣ ስለ ሆድና ስብ አታንሣብኝ፣ 30 ደቂቃ ሲሞላ አስቁመኝ።» ካኮረፈ ወይም ከሳቀ ሌላ ጂም ይፈልጉ። የቡድን ጨዋታ፣ ለምሳሌ መረብ ኳስ፣ ከመሮጫ ማሽን ይሻላል፤ ውጤት የሚቆጠረው በኳሱ ነው።

በክለብ ለሚሮጡ፦ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በስፖርት ውስጥ የሚደርስ የኃይል እጥረትን እንደ ራሱ የቻለ የጤና ችግር ይዞታል። ወንዶችንም ይጨምራል። «ክብደቱ ቀላል የሆነ ይፈጥናል» የሚለው አባባል ለጥቂት ወራት እውነት መስሎ ይታያል፤ ከዚያ የማይድን ጉዳት፣ የማይለቅ ጉንፋን፣ የማይሻሻል ሰዓት ይመጣል። ለአሠልጣኝዎ በዚህ ቋንቋ ይንገሩት፤ «አመጋገቤ ተዛብቷል» ከማለት ይልቅ ሊሰማ ይችላል።

ጾምና ስግደት

እዚህ ላይ ሕመሙ ነጠላ ለብሶ ይመጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት በአመጋገብ መዛባት ለታመመ ሰው መሸሸጊያም ማገርሻም ይሆናል፣ ማንም አይጠይቀውማ። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። በግልጽ፦ «አባቴ፣ ምግብ መተው ራሱ ሕመሜ ነው፤ ሐኪም በሰዓቱ እንድበላ አዝዞኛል።» ለታመመ ጾም እንደሚቀልል የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ብቻዎን ወስነው በጸጸት ከመብላት ፈቃድ ይዞ መብላት ይሻላል። ስግደትንም እዚያው ይጠይቁ። በስቅለት ቀን በመቶ የሚቆጠር ስግደት ለተዳከመ ልብ በመቶ የሚቆጠር ወድቆ መነሣት ነው፤ በምትኩ ተቀምጠው የሚደርሱት ጸሎት ይስጡዎት። ሙስሊም ከሆኑም የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም ስለሚያቆይበት ሁኔታ ኢማሙን ቀድመው ይጠይቁ።

ሰዎች የሚሉትና የእግረኛ መንገዱ ሚዛን

«ወፈርሽ እኮ፣ ተመችቶሻል!» በእኛ ዘንድ ሰላምታ ነው፣ የሚለውም ሰው በቅንነት ነው የሚለው። ጆሮ ላይ ግን እንደ ክስ ይወድቃል፤ በዚያ ምሽት ለመሮጥ የሚነሣ ሰው ብዙ ነው። መልስ ያዘጋጁና ወሬውን ያዙሩት፦ «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ፣ እነ እማማ ደህና ናቸው?» ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ከሰው ሳይለዩ ያሳልፉ።

ቤተሰብ ደግሞ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያለ ጉርሻ ሲደራርብ ፍቅር ነው፣ ማዕዱ ግን ጦርነት ይሆናል። ከአንድ ሰው ጋር፣ ከእናት ወይም ከታላቅ እህት ጋር፣ ይስማሙ፦ «እማዬ፣ ሳህኔን አንቺ አውጪልኝ፣ እጨርሰዋለሁ፤ ግን ስለ ሰውነቴ አታንሺ፤ ከበላሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት አብረሽኝ ቁጭ በይ።» ከጉርሻው ይልቅ ያ ግማሽ ሰዓት ይጠቅማል።

በየእግረኛው መንገድ ልጆች ካርቶን ላይ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ሚዛን፣ ጫማና ጃኬት፣ የጠጡት ውኃ፤ ቁጥሩ በአንድ ቀን ውስጥ ኪሎዎች ሊለዋወጥ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ያቺ ቁጥር የሳምንቱን ምግብ ትወስናለች። ልጁን የሚያውቁት ከሆነ ሳይወጡበት ሳንቲሙን ይስጡትና ይለፉ፤ ካልሆነ መንገዱን ይሻገሩ። ክብደት የሚለካው ክሊኒክ ውስጥ፣ ጀርባ ሰጥተው፣ ቁጥሩ ሳይነገርዎት ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ማበጥ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል። አብዛኛው ውኃና የዘገየ አንጀት ነው፣ በሩጫም አይወርድም። መብላት በጀመሩበት ሁለት ሳምንት ውስጥ እግር ካበጠ ወይም እብጠቱ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን ሆስፒታል ነው።

ድንገተኛ ረሃብ። እንቅስቃሴ ሲጨመር ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ረሃብ ከመጣ ምግቡ አልበቃም ማለት ነው። ተነሥተው ይብሉ፣ ነገም መክሰስ ይጨምሩ። ረሃቡን ፈርተው እርምጃ የሚጨምሩ ሰዎች የጀመሩበት ይመለሳሉ።

ከልክ በላይ መብላት ያጋጠመ ቀን። በማግስቱ ቁርስ በሰዓቱ ይበላል፣ እንቅስቃሴ ደግሞ ለ24 ሰዓት የለም፣ መርሐ ግብሩ ቢኖረውም። እዚህ ቀን ላይ የሚሠራ ማንኛውም ስፖርት ደረሰኝ ነው።

የመነሣት ግፊት። ሲመጣ 15 ደቂቃ ያራዝሙት፣ ሰው ወዳለበት ክፍል ይሂዱ፣ እጅን ሥራ ያስይዙ፤ ምስር መልቀም፣ ስፌት፣ ካርታ። ካልለቀቀ ሌላ 15። ከጊዜ በኋላ ሁለተኛው 15 ሳያልቅ የሚረሳበት ቀን ይበዛል።

ምን ጊዜም አንድ ደረጃ ወደ ኋላ የሚመልሱ ምልክቶች፦ በሳምንት ሁለት መክሰስ መዝለል፣ ለአብሮ ሂያጅዎ ሳይነግሩ መውጣት፣ የቀረ የወር አበባ፣ ጠዋት ከ50 በታች የወረደ ምት። ሁለት ሳምንት በታችኛው ደረጃ ይቆዩና ይመለሱ።

የዘጌ ቀን

በአምስተኛው ደረጃ ሦስት ወር ከቆዩ አንድ ሙሉ ቀን ይሞክሩ። ከጓደኞች ጋር በጠዋት ጀልባ ወደ ዘጌ፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ለመመለስም አይዘግዩ። ቁርስ ከመሳፈርዎ በፊት ይበላል። ቦርሳ ውስጥ ለአንድ ሰው፦ ሁለት ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ሦስት ሙዝ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ 2 ሊትር ውኃ። ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ ውስጥ ይራመዳሉ፤ 4 ሰዓት ሲሆን ግን የትም ቢሆኑ ቆመው መክሰስ ይበሉ፣ ቡድኑም አብሮ ይብላ። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዞሬ እመጣለሁ» አይባልም። ምሳ በ6 ሰዓት ተኩል፣ ከሌሎቹ ጋር፣ ሌሎቹ ያዘዙትን። ማታ እራት እንደማንኛውም ቀን ነው፣ በእርምጃው ምክንያት አይቀነስም፣ በምሳው ምክንያትም እንዲሁ። በማግስቱ ዕረፍት ነው፤ ቁርስ 1 ሰዓት።